ጧሪ ቀባሪ በ800 ሺህ ባት

አዲስ አበባ ውስጥ «እገሌ ባንኮክ ሄደ» ሲባል ሰሚው ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አመመው?» ብሎ ነው። አቅም ያለው ሰው ልቡን ወይም ኩላሊቱን ሊታይ ወደዚያ መብረር ከጀመረ ቆይቷል። ነጋዴውም ልብስና ዕቃ ሊያመጣ ይመላለሳል። ከሁለቱ ሌላ ግን ወደ ታይላንድ የሚሄድ ሦስተኛ ዓይነት ሰው አለ። ሊታከምም ሊነግድም ሳይሆን ሊያረጅ የሚሄድ። እንግሊዛዊ፣ አሜሪካዊ፣ ጀርመናዊ፣ አውስትራሊያዊ፣ ኖርዌያዊ። አብዛኛው ወንድ ነው፤ ስድሳን ያለፈ፣ ብዙ ጊዜም ትዳሩ የፈረሰበት ወይም ሚስቱ የሞተችበት።

ታይዎቹ «ፋራንግ» ይሉታል። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም፤ «ፈረንጅ» ከሚለው ጋር ምንጩ አንድ ነው። ሁለቱም ከጥንቶቹ ፍራንኮች ስም ተነስተው በዐረቦችና በፋርሶች አፍ አልፈው፣ አንዱ ቀይ ባሕርን ሌላው የሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ የደረሱ ናቸው። (በታይኛ «ፋራንግ» ዘይቱንም ማለት ነው። ፈረንጅ ዘይቱን ሲበላ ያየ ሕፃን ለምን እንደሚስቅ ከዚህ ይገባል።) ገንዘብ ያጠረው፣ የተጎሳቆለው ፈረንጅ ደግሞ የራሱ ስም አለው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የወፍ ኩስ ፈረንጅ» እንደ ማለት ይሆናል። ይህን ስም የሚያውቅ አዛውንት ፈረንጅ ሁሉ የሚፈራውም እሱን ነው።

ስለነዚህ ሰዎች የሚወራው ወሬ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንደኛው፣ በአገሩ ተራ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረ ሰው በዘንባባ ሥር እንደ ንጉሥ ይኖራል የሚለው ነው። ሁለተኛው የሚያሳፍረው ወሬ ነው፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከሃያ አምስት ዓመት ወጣት ጋር። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ፓታያን አንድ ምሽት ያየ ሰው ሁለተኛውን አይክድም። ነገር ግን ሁለቱም ወሬዎች ዋናውን ጉዳይ ይሸፍኑታል። ይህ ሰው የሚያረጀው ምንም መብት በሌለው አገር ነው። ጡረታ የከፈለበት አገር ደግሞ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ጀምሮ እጁን ታጥቧል።

ነገሩ የተጀመረው በጦርነት ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ታይላንድም እንደ ኢትዮጵያ የራሷ ዘመን ስላላት ማሳሰቡ አይከፋም) አሜሪካ ቬትናምንና ላኦስን የምትደበድበው በከፊል ከታይላንድ ምድር ተነስታ ነበር። ኡዶን ታኒ፣ ኡቦን፣ ኮራት፣ ኡ ታፓኦ የአየር ኃይሏ ሰፈሮች ነበሩ። የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረችው ፓታያ የወታደር ዕረፍት መዋያ ሆና አደገች። ከዚያ በሐምሌ 1997 መጀመሪያ የታይላንድ ገንዘብ ወደቀ። ለዓመታት አንድ ዶላር በ25 ባት ገደማ ሲመነዘር ኖሮ በመንፈቅ ጊዜ ውስጥ ከ50 ባት አለፈ። ለታይ ሠራተኛ ይህ መዓት ነበር። ዶላርና ፓውንድ ለሚቆጥር ጡረተኛ ግን ደሞዙ ባንድ ጊዜ እጥፍ የሆነ ያህል ነበር። ዛሬ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ካሉት ፈረንጆች ብዙዎቹ ሒሳባቸውን የሠሩት በዚያን ዘመን ምንዛሪ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ዕድሜው 50 የሞላው የውጭ ሰው ታይላንድ ውስጥ በጡረታ መኖር ከፈለገ 800,000 ባት በታይ ባንክ ማስቀመጥ፣ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ እንዳለው ማሳየት፣ ወይም ሁለቱን ደምሮ እዚያ መድረስ አለበት። የታይ ዜጋ ያገባ ከሆነ ግማሹ፣ 400,000 ባት፣ ይበቃዋል። ይህን ሲያሟላ የሚያገኘው የአንድ ዓመት ፈቃድ ነው። በዓመቱ ደግሞ ከሀ ይጀመራል፤ የባንክ ደብተር፣ የባንክ ደብዳቤ፣ ፎቶ ኮፒ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ፊርማ፣ 1,900 ባት ክፍያ። በመሐሉ በየ90 ቀኑ «እዚሁ አድራሻዬ ላይ ነኝ» ብሎ ለኢሚግሬሽን ማመልከት ግዴታ ነው። ያከራየው ሰው ደግሞ የውጭ ዜጋ ቤቱ ማደሩን በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ልጁ ሞቶበት ወይም ልትዳር ሆና ወደ አገሩ ብቅ ማለት ቢፈልግ፣ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ካልገዛ የዓመቱ ፈቃድ ከድንበር ሲወጣ ይሰረዛል።

ሥራ መሥራት አይችልም። ምርጫ የለውም። ሃያ ዓመት ቢኖር ሃያ አንደኛው ዓመት አይረጋገጥለትም። በባሕረ ሰላጤው አገራት የኢቃማን ነገር ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ልዩነቱ አንዱ ጉልበቱን ሌላው ገንዘቡን ይዞ መሄዱ ነው። እርግጥ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ፈረንጁን ማንም ፓስፖርቱን አይቀማውም፤ ማንም አይደበድበውም። ፈቃዱ በየዓመቱ እንደሚያልቅ የማወቁ ስሜት ግን ዘመድ ነው።

ታይላንድ በዚህ ትወቀሳለች? በዋናው ነገር አትወቀስም። አገሪቱ ራሷ እያረጀች ነው፤ ከአምስት ዜጎቿ አንዱ ያህል ከ60 ዓመት በላይ ነው። መንግሥት ለራሱ አዛውንቶች ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ድጎማ ከ60 እስከ 69 ዓመት ላለው በወር 600 ባት፣ ከዘጠና ላለፈው ደግሞ 1,000 ባት ነው። በፈረንጁ ጎረቤት ያለች አሮጊት በዚያ በ600 ባት ስሌት 800,000 ባት ልታይ ከ110 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ለራሷ ሰው ይህን የምትሰጥ አገር ለበርሚንግሃም ጡረተኛ ልታስብ አይጠበቅባትም። አሮጊቷ ግን አንድ ነገር አላት፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ «የ30 ባት ሕክምና» ተብሎ በታወቀው ሥርዓት መንግሥት ሆስፒታል ሄዳ ትታከማለች። ፈረንጁ ይህ የለውም።

ኑሮው ራሱ፣ ጤና እስካለ ድረስ፣ መልካም ነው። ይህን መካድ ቅናት ይሆናል። ሙቀቱ ሳይበረታ ማለዳ ይነሳል፤ በእግሩ ገበያ ይወጣል፤ በከሰል የተጠበሰ ሥጋና የሚያጣብቅ ሩዝ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል። ሻጯ «ሉንግ» ትለዋለች፤ እንደ «ጋሼ» ያለ መጠሪያ ነው፤ ሲያረጅ ደግሞ «ታ»፣ አያት፣ ይሆናል። በአገሩ ሳለ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ስሙን አያውቀውም ነበር። በሚያዝያ 13 በሚጀምረው በሶንግክራን በዓል ቱሪስቱ መንገድ ላይ ውኃ ሲራጭ፣ በየመንደሩ ደግሞ ወጣቶች ሽቶ የገባበት ውኃ በሽማግሌዎች እጅ ላይ ቀስ አድርገው እያፈሰሱ ምርቃት ይቀበላሉ። ፈረንጁም ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር በወንበር ተደርድሮ እጁን ይዘረጋል። የሚመርቅበት ቋንቋ የለውም፤ አንገቱን እየነቀነቀ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ያጉተመትማል። ግን እጁ ላይ ውኃ ፈሷል። ማንቸስተር ውስጥ አንድም ወጣት ምርቃቱን ለምኖት አያውቅም።

ሌላው ገጽታ ያን ያህል አያምርም። ታይኛ አምስት የድምፅ ቃና ያለው ቋንቋ ነው፤ በስድሳ ዓመት የጀመረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሰላምታና ከቁጥር አያልፍም። ስለዚህ ውሎው ከመሰሎቹ ጋር ይሆናል። በሁዋ ሂን ወይም በጆምቲየን ቡና ቤቶች ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ያው አምስት ስድስት ሰው በያው ወንበር ይቀመጣል፤ ወሬው ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ኢሚግሬሽን አዲስ መመሪያና ስለሞተው ጓደኛ ነው። ቺያንግ ማይ ያለው ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የእርሻና የጫካ ቃጠሎ ጭስ መስኮት ያዘጋበታል። ሐኪሙ «ለሳንባህ ከዚህ ውጣ» ይለዋል፤ እሱ ግን የዓመት ኪራይ ከፍሏል።

ወደ ጡረታው እንመለስ፤ የነገሩ ሁሉ መራራ እዚህ ስለሆነ። የእንግሊዝ መንግሥት ለጡረተኛው በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ጭማሪ ያደርጋል። ጡረተኛው ግን እንደ ታይላንድ ወዳለ አገር ሄዶ ከኖረ ጭማሪው ይቆማል፤ የመጀመሪያ ቀን ያገኘው መጠን እስኪሞት ድረስ አይነቃነቅም። በ2005 ሙሉ መሠረታዊ ጡረታ በሳምንት 82.05 ፓውንድ ነበር። ያን ዓመት ጡረታ ወጥቶ ታይላንድ የገባ ሰው ዛሬም 82.05 ይወስዳል። እንግሊዝ የቀረው እኩያው በ2025 የሚያገኘው 176.45 ነው። ያኔ አንድ ፓውንድ ከ70 ባት በላይ ይመነዘር ነበር፤ አሁን በ40ዎቹ ውስጥ ነው። በወር ወደ 25,000 ባት ይገባ የነበረው ገንዘብ 15,000 ገደማ ሆኗል፤ የገበያው ዋጋ ግን እንደ ጡረታው ቆሞ አልጠበቀም።

የሚገርመው፣ ያው ሰው ከታይላንድ ይልቅ ፊሊፒንስን መርጦ ቢሆን ኖሮ ጭማሪው በየዓመቱ ይደርሰው ነበር። ለንደንና ማኒላ በጉዳዩ ላይ የተፈራረሙት ውል አለ፤ ከባንኮክ ጋር ግን የለም። አርባ ዓመት ያው መዋጮ ከደሞዙ ተቆርጧል። ጉዳዩ በአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 መንግሥት ረትቷል። ሕጋዊ ነው ማለት ነው። ፍትሐዊ ነው ወይ ለሚለው ግን ፍርድ ቤት አያስፈልግም። መንግሥት «ፈቅደህ ሄደሃል» ይላል። አዎ፣ ፈቅዶ ሄዷል። ነገር ግን አገሩ ቢቀር የሆስፒታል አልጋውን፣ የማሞቂያ ድጎማውንና የአረጋውያን ቤቱን የሚከፍለው ያው መንግሥት ነበር። ሽማግሌው በመሄዱ የተረፈው ገንዘብ ከጭማሪው ይበልጥ እንጂ አያንስም፤ በዚህ ላይ ጭማሪውን መከልከል ስስት ነው።

አሜሪካዊው በዚህ በኩል ይሻላል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ጭማሪው ታይላንድም ድረስ ይከተለዋል። እሱን የማይከተለው ሜዲኬር ነው። ሲሠራ በኖረበት ዘመን ሁሉ የሜዲኬር ግብር ከፍሎ፣ ከአሜሪካ ውጭ ሲታመም ግን መድኑ የለም ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊውም ቢሆን ነዋሪነቱን ትቶ ከወጣ የነጻ ሆስፒታል መብቱን ትቷል። ያለው አማራጭ የግል ኢንሹራንስ ነው። የግል ኢንሹራንስ ደግሞ ሰው ሲያረጅ ወይ ዋጋው አይቀመስም፣ ወይ የነበረበትን በሽታ «አልሸፍንም» ይላል፣ ወይ ጭራሽ አይቀበለውም። ስለዚህ ብዙው ያለ ኢንሹራንስ፣ በጸሎትና በእስፒሪን ይኖራል። በሞተር ብስክሌትም ይሄዳል፤ በመንገድ አደጋ ሞት በዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ በሆነችው፣ ከሟቾቹም አብዛኞቹ ሞተር ነጂዎች በሆኑባት አገር።

አንድ ሰው ይታሰብ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ኡዶን ታኒ አጠገብ ይኖራል፣ ገንዘቡ ሁሉ ያ 800,000 ባት ነው። ስትሮክ ይመታዋል። ሆስፒታሉ መያዣ ይጠይቃል። ገንዘቡ ባንክ አለ፣ በስሙ አለ፣ ሊነካው ግን አይችልም። መመሪያው ከማመልከቻው በፊት ሁለት ወር፣ ከፈቃዱ በኋላ ሦስት ወር 800,000ው ሙሉ እንዲሆን፣ በቀሪው ዓመትም ከ400,000 በታች እንዳይወርድ ያዛል። ለሕክምና ካወጣው ፈቃዱ አይታደስም፤ ካላወጣው አይታከምም። ክፉ ቀን ይመጣል ተብሎ የተቀመጠ ጥሪት በክፉ ቀን የማይነካ ሆነ ማለት ነው። የታይ ኢሚግሬሽን የሚወቀስበት አንድ ቦታ ካለ ይህ ነው። ሐኪም ለመሰከረለት በሽተኛ ተቀማጩን ለሆስፒታል ክፍያ እንዲያውለው፣ ፈቃዱም በዚያ ምክንያት እንዳይወድቅ ማድረግ ለመንግሥት የሚያስወጣው ወጪ የለም። እንዲያውም ያተርፋል፤ ያልተከፈለው የፈረንጅ ሕክምና ዕዳ በመጨረሻ የሚወድቀው በመንግሥት ሆስፒታሎች ላይ ነው።

በገቢ ማስረጃ በኩል ያለው መንገድም ጠቧል። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎች የዜጎቻቸውን ገቢ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ መስጠት ካቆሙ ከ2019 ወዲህ ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ የሚኖር ሰው ከውጭ የሚያስገባው ገቢ በታይላንድ ግብር ሕግ በሰፊው መታየት ጀምሯል። ሽማግሌው እንግሊዝኛ የሚችል ሒሳብ ሠራተኛ ፍለጋ ገብቷል።

አሁን ከሁሉ በላይ ዝም የሚባልላት ሴት ትምጣ። አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምሥራቁ ከኢሳን ክፍለ አገር ናት፤ የሩዝ ገበሬ ልጅ፣ አንድ ጊዜ አግብታ የፈታች፣ ልጇን ለእናቷ ትታ ባንኮክ ወይም ፓታያ ስትሠራ የኖረች። ፈረንጁን ስታገባ ሒሳብ ሠርታለች፤ እሱም ሠርቷል። በዚህ የሚሳለቅ ሰው የአገሩን ትዳር መለስ ብሎ ይመልከት፤ ጥሎሽና ማጫ የት አገር ነው ያለ ሒሳብ የሆነው? የውጭ ሰው መሬት መግዛት አይችልም፤ አፓርታማ ቢገዛም ከሕንፃው ስፋት 49 በመቶው ብቻ ነው ለውጭ ዜጎች የሚፈቀደው። ስለዚህ የመንደሩ ቤት የሚሠራው በእሷ ስም በሆነ መሬት ላይ ነው፤ ሲገዛም ገንዘቡ የራሷ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ ፈርሞ ነው። ቡና ቤት የሚወራው «ሁሉን ወስዳ አባረረችው» የሚለው ታሪክ ከዚህ ይወለዳል። አንዳንዱ እውነት ነው። የማይወራው ግን የሚበዛው ነው፤ እሱ አልጋ ላይ ሲወድቅ የምታገላብጠው፣ የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ለኢሚግሬሽን ወረቀቱን ይዛ የምትሰለፈው እሷ መሆኗ። አውሮፓ ውስጥ ይህ ሥራ ደሞዝ፣ ፈረቃና የዓመት ፈቃድ ያለው ሙያ ነው። እዚህ «ሚስት ናት» ይባላል፤ ያልፋል።

ሲሞት ደግሞ የአሜሪካ ሕግ አንድ ነገር ይጨምርላታል። አሜሪካዊ ያልሆነች፣ ከአገሪቱ ውጭ የምትኖር መበለት በአጠቃላይ በባሏ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ተጠቃሚ የምትሆነው አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ አምስት ዓመት ኖራ ከሆነ ነው። የኢሳኗ ሴት አንድ ቀንም አልኖረችም። አሥር ዓመት የአሜሪካን ሽማግሌ ለአሜሪካ በነጻ ጦራለች፤ ዋሽንግተን ግን አያውቃትም።

ይህ ጉዳይ የፈረንጅ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለአማርኛ አንባቢ ስሕተት ይሆናል። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ከሱዳን በኩል ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የገባው ትውልድ ዛሬ የጡረታ ደጃፍ ላይ ነው። «አገሬ ገብቼ ልረፍ» የሚለው ብዙ ነው። ለንደን ሠርቶ ጡረታ የወጣ ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ ቢገባ የእንግሊዝ ጡረታው እንደ ታይላንዱ ሰው ይቆማል፤ ኢትዮጵያም ጭማሪ ከሚደርሳቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ የለችም። ከዋሽንግተን የሚመለሰውን ሜዲኬር ቦሌ ድረስ አይሸኘውም። ልጆቿ የወሰዷት፣ ሥራ ያልሠራች እናት የምታገኘው ኤስኤስአይ የተባለው ድጎማ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን በተከታታይ ከቆየች ይቋረጣል። ለፋሲካ መጥታ ለዳግማ ትንሣኤ እንድትመለስ የምትጨነቀው እናት የጭንቀቷ ምንጭ ይኸው ነው። እርግጥ ተመላሹ ኢትዮጵያዊ ፈረንጁ የሌለው ነገር አለው፤ ቋንቋው፣ ዘመዱ፣ እድሩ። የታይ ገጠርም የእድር ዘመድ አለው፤ አባል ሲሞት ሁሉም እያዋጣ አስከሬን የሚያቃጥልበት ማኅበር። ፈረንጁ ብዙ ጊዜ እዚያ የሚጠራው በሚስቱ ስም ነው።

ሞቱ ሲደርስ ኤምባሲው ለቤተሰብ ይደውላል፤ ለቀብር አይከፍልም። መነኮሳቱ ይጸልያሉ፣ የመንደሩ ሴቶች ያበስላሉ፣ አስከሬኑ በቤተ መቅደሱ ግቢ ይቃጠላል፤ ልጆቹ ከመጡ መጡ። ያ ለዓመታት ሳይነካ የተጠበቀው 800,000 ባት ደግሞ ባንኩ መሞቱን በሰማ ቀን ይዘጋል። ፍርድ ቤት የውርስ አስተዳዳሪ እስኪሾም ድረስ ሚስቱ የቀብሩን ዕዳ የምትከፍለው ከዘመድ ተበድራ ነው። ከዚያ ማምለጫው በጤናው ጊዜ በታይ ጠበቃ ፊት የሚጻፍ፣ አስተዳዳሪዋን በስም የሚጠቅስ ኑዛዜ ነው። በየ90 ቀኑ አድራሻውን ለመንግሥት ማሳወቅን ያልዘነጋ ስንቱ ሰው ይህን ዘንግቶ ይሞታል።